በቀን አምስት ደቂቃ ትንፋሽ፦ ምን ይሰጣል? ምንስ አይሰጥም?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ ሰየመ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ዲሴምበር 21ን ደግሞ የዓለም የሜዲቴሽን (የተመስጦ) ቀን አደረገው። በእነዚህ ዓመታት ልማዱ ከመንፈሳዊ ማዕከላት አልፎ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በአሜሪካ በየጊዜው የሚካሄደው ብሔራዊ የጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው ሜዲቴሽን የሚያደርጉ አዋቂዎች በ2002 ከመቶው 7.5 ነበሩ፤ በ2022 ግን 17.3 ደርሰዋል።

ተስፋውም አብሮ ተነፍቷል። እንቅልፍ ይመጣል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ቁጣ ይበርዳል፣ ሐሳብ ይጠራል፣ ሥራ ይፈጥናል ይባላል፤ ያውም በቀን በአምስት ደቂቃ። ይህን የሰማ አንዱ ሁሉንም አምኖ ይጀምርና በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ሌላው ሁሉንም ንቆ ጭራሽ አይሞክረውም። እኔ ጥናቶቹን ሳገላብጥ የደረስኩበት ከሁለቱም ይለያል፤ ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው። ብዙ ሰው ሳያገኘው የሚቀረው ደግሞ ከከባዱ ጫፍ ስለሚጀምር ነው። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ዝምታ ቢሆን የጀማሪው ዕድል ይሻሻላል።

ዝም ብሎ መቀመጥ ለምን ይከብዳል?

ዝም ብሎ መቀመጥ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ያለ ስልክና ያለ መጽሐፍ ለ15 ደቂቃ ከሐሳባቸው ጋር ብቻቸውን አስቀመጧቸው። በአጠገባቸው ቀለል ያለ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ ቁልፍ ነበር። ንዝረቱን አስቀድመው ቀምሰውታል፤ ዳግመኛ እንዳይነካን ብንከፍልም እንመርጣለን ብለዋል። ያም ሆኖ ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ ቁልፉን ተጫኑት። ከሐሳብ ጋር ብቻ ከመቀመጥ መነዘርን መረጡ ማለት ነው።

ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በስልካቸው አማካይነት በዘፈቀደ ሰዓት እየጠሩ፣ አሁን ምን እየሠራችሁ ነው፣ ሐሳባችሁስ የት ነው ብለው ጠይቀው ነበር። ከመልሶቹ 47 በመቶ ያህሉ ሐሳብ ከሚሠራው ሥራ ርቆ ሌላ ቦታ እንደነበር የሚናገሩ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው የሚገጥመው ይኸው የየዕለቱ ግርግር ነው። ሁልጊዜም ነበረ፤ አሁን ግን የሚሸፍነው ነገር ስለጠፋ ጎልቶ ይሰማል። ጀማሪው ግን እንዲህ አይረዳውም። «አእምሮዬ አልረጋ አለ፣ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ይልና ይነሣል። ሜዲቴሽን ማለት አእምሮን ባዶ ማድረግ ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ብዙ ሰው ያስተወው ግን እሱ ይመስለኛል። በተለምዶ የሚሰጠው መመሪያ ሌላ ነው፦ ትኩረትህን አንድ ነገር ላይ አሳርፍ፤ ሲሸሽ ሸሸ በል፤ መልሰው። ልምምዱ ያለው መመለሱ ላይ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሐሳቡ ሠላሳ ጊዜ የሸሸበትና ሠላሳ ጊዜ የመለሰው ሰው አልተሸነፈም፤ ሠላሳ ጊዜ ተለማምዷል።

ችግሩ ይህ ልምምድ ፍሬውን የሚሰጠው ቆይቶ መሆኑ ነው። ዛሬ ተቀምጦ ዛሬ ለውጥ የሚሰማው ጥቂት ነው። ትንፋሽ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

የልብን ምት፣ የደም ግፊትን፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ በትእዛዝ መቀየር አንችልም። ትንፋሽ ግን ተኝተንም በራሱ ይሄዳል፤ ስንፈልግ ደግሞ ይታዘዘናል። በዚህ ምክንያት በፈቃድ ከማንነካቸው የሰውነት ሥራዎች ጋር መገናኛ ሆኖ ያገለግላል።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ጣትን የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ የደም ሥርን ምት እያዳመጡ በዝግታ መተንፈስ ይበቃል። አየር ሲገባ ምቱ ትንሽ ይፈጥናል፣ ሲወጣ ይዘገያል። ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ በአየር መውጫው ጊዜ ልብ ላይ ያለውን ልጓም ያጠብቃል፣ በመግቢያው ጊዜ ያላላዋል። የዮጋ መምህራን ማስወጣቱን ከማስገባቱ አስረዝሙ የሚሉት ምክር ከዚህ ጋር ይገጥማል።

አዋቂ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ወደ ስድስት ሲወርድ፣ ማለትም አንዱ ትንፋሽ አሥር ሰከንድ ሲፈጅ፣ የልብ ምት መውጣትና መውረድ ሰውነት የደም ግፊትን ከሚያስተካክልበት ሞገድ ጋር ይገጣጠማል፤ የምቱም መለዋወጥ ይሰፋል። በጣሊያን የፓቪያው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ በ2001 በ23 ጤነኛ ሰዎች ላይ ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለው። ሰዎቹ አንድ ጊዜ ካቶሊኮች በመቁጠሪያ የሚደግሙትን የማርያም ጸሎት በላቲን፣ ሌላ ጊዜ የቲቤት ቡድሂስቶችን ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል ቅዱስ ቃል) እንዲደግሙ ተደረገ። ጸሎቱም ማንትራውም ትንፋሻቸውን በደቂቃ ወደ ስድስት አወረዱት፤ ልብና የደም ሥር ላይም ተመሳሳይ ለውጥ ታየ። ማንም ቆጥሮ ሳያዝዝ፣ የተለያዩ ሁለት ሃይማኖቶች አንድ ፍጥነት ላይ ደርሰዋል።

ስለ ኦክስጅን የሚወራውን ግን ማረም ያስፈልጋል። «በጥልቀት ስትተነፍስ አንጎልህ ተጨማሪ ኦክስጅን ያገኛል» የሚለው አባባል በየትምህርቱ ይደጋገማል። የጤነኛ ሰው ደም ዕረፍት ላይ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ከ95 በመቶ በላይ ኦክስጅን ጠግቦ ነው ያለው፤ ብዙ የሚጨመርበት ቦታ የለም። የዝግታ ትንፋሽ ጥቅም ቁጠባ ነው። በአንድ ተራ ትንፋሽ ከሚገባው ግማሽ ሊትር ያህል አየር 150 ሚሊ ሊትር የሚሆነው የአየር ቧንቧ ላይ ቀርቶ ለጋዝ ልውውጥ ሳይውል ይመለሳል። በደቂቃ 12 ጊዜ ግማሽ ሊትር የሚስብ ሰው ከስድስት ሊትሩ ወደ 1.8 ሊትር በከንቱ ያመላልሳል። ያንኑ ስድስት ሊትር በስድስት ረጃጅም ትንፋሽ የሚስብ ግን የሚያባክነው 0.9 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ሳንባ በትንሽ ድካም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ከአንጎል በኩልም ፍንጭ አለ። በ2017 የታተመ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የትንፋሽን ምት በሚያወጣው የአንጎል ግንድ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሴሎች ለንቃትና ለድንጋጤ ኃላፊ ከሆነው ማዕከል ጋር በቀጥታ እንደሚገናኙ አሳየ። ሴሎቹ ሲወገዱ አይጦቹ ረጋ አሉ። ሰው አይጥ አይደለም፤ ቢሆንም «ተረጋጋ፣ ቀስ ብለህ ተንፍስ» የሚለው የእናቶች ምክር ሥጋዊ መንገድ ሳይኖረው አይቀርም ማለት ይቻላል።

መረጃው እስከ የት ይሄዳል?

በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰዎችን በአራት ቡድን ከፍለው ለአንድ ወር በቀን አምስት ደቂቃ አለማመዷቸው። ሦስቱ ቡድኖች የተለያየ የአተነፋፈስ ዘዴ፣ አራተኛው ትንፋሽን መመልከት ብቻ የሆነ ሜዲቴሽን ተሰጣቸው። በሁሉም ቡድን ጭንቀት ቀነሰ። በስሜት መሻሻል የቀደመው በአፍንጫ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አየር ስቦ በአፍ ረጅም አድርጎ የሚያስወጣው፣ ማለትም በፈቃድ የሚደረግ የእፎይታ ትንፋሽ ነው። አምስት ደቂቃ ምንም አይደለም የሚለውን ይህ ጥናት ይሞግተዋል።

በዚያው ዓመት የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሌላ ጥናት ግን ጉጉቱን ያበርደዋል። 400 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ለአራት ሳምንት በቀን አሥር ደቂቃ አስተነፈሷቸው፤ አንዱ ቡድን በደቂቃ 5.5 ጊዜ፣ ሌላው 12 ጊዜ። ሁለተኛው ተራ ፍጥነት ነው፤ የተሰጠውም ለማነጻጸሪያ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

ታዲያ የትኛው ይታመን? እኔ እንደማነበው ሁለቱ አይጣሉም። የዝግታ ትንፋሽ በዚያች ሰዓት በልብና በደም ግፊት ላይ የሚያደርገው ለውጥ የሚለካ ነው። ከሳምንታት በኋላ ለሚመጣው የስሜት መሻሻል ግን ምስጢሩ ቁጥሩ ላይ ያለ አይመስልም፤ በየቀኑ ሥራን አቁሞ፣ ተቀምጦ፣ ትንፋሽን መከተሉ ራሱ ትልቁን ድርሻ ሳይይዝ አይቀርም። ስለዚህ የማስገባትና የማስወጣት ቆጠራው አራት ለስድስት ይሁን አምስት ለአምስት እያሉ መጨነቅ፣ «ትክክለኛውን ቁጥር» የሚሸጥ መተግበሪያ ማሳደድ ጊዜ ማባከን ነው።

ስለ ሜዲቴሽን በሰፊው የሚጠቀሰው የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ግምገማ በ2014 ወጣ። 47 ጥናቶችንና ከ3,500 በላይ ተሳታፊዎችን መርምሮ በጭንቀት፣ በድብርትና በሕመም ስሜት ላይ መካከለኛ ማስረጃ ያለው ትንሽ እስከ መካከለኛ መሻሻል አገኘ። ከአካል እንቅስቃሴ ወይም ከሌላ ሕክምና ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላገኘም። በ2022 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ የጭንቀት ሕመም ባለባቸው 276 ሰዎች ላይ የስምንት ሳምንት የሜዲቴሽን ሥልጠናን ኤሲታሎፕራም ከሚባለው መድኃኒት ጋር አነጻጽሮ፣ ሥልጠናው ከመድኃኒቱ የማያንስ ሆኖ አግኝቶታል። ዜናው «ሜዲቴሽን እንደ መድኃኒት ይሠራል» ተብሎ ዞረ። ያልዞረው ሥልጠናው ምን እንደነበረ ነው፦ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል ከመምህር ጋር፣ በቀን 45 ደቂቃ ቤት ውስጥ። ጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሥልጠና ነው። ያንን ውጤት ወስዶ ለአምስት ደቂቃ መተግበሪያ ማስታወቂያ ማድረግ አግባብ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ

ፓታንጃሊ በተባለው የሕንድ ሊቅ ስም በሚታወቀው ጥንታዊ የዮጋ ሥርዓት ስምንት እርከኖች አሉ። ፕራናያማ የሚባለው የትንፋሽ ሥራ አራተኛው ነው፤ ተመስጦ ሰባተኛው ነው። ሥርዓቱን ማመን አይጠበቅብንም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ከላይ ካየነው ጋር ይስማማል። ሰውነት ሳይረጋ አእምሮን ተረጋጋ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ለጀማሪ ስምንት ደቂቃ ይበቃል። ጀርባ ቀጥ ብሎ ትከሻ የሚለቀቅበት ማንኛውም አቀማመጥ ይሆናል፤ ወንበር ላይ መቀመጥ ምንም አያጎድልም። እግር አጣጥፎ ጉልበቱን የሚያም ሰው ስምንት ደቂቃውን ስለ ጉልበቱ ሲያሰላስል ያሳልፋል። ሆድ በምግብ የተሞላበት ሰዓት አይመችም። አንድ እጅ እምብርት አካባቢ ቢያርፍ ትንፋሹ የት እንደሚደርስ ይታወቃል፤ ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ሆድ ወደ ፊት ይገፋል። ደረት ብቻ የሚነሣ ከሆነ ጥረቱ በዝቷል ማለት ነው፤ አየሩን በኃይል መሳብ ሳይሆን ማስወጣቱን በደንብ መጨረስ ነው መፍትሔው። ቀጣዩ ትንፋሽ በራሱ ይወርዳል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። ይህ ካስጨነቀ ሦስት ለአራት ይሁን። አየር ያጠረው የሚመስለው ሰው ቁጥሩን ማሳጠር እንጂ መታገል የለበትም። ከዚያ ቆጠራው ይቀርና ትንፋሽ እንደ ፈቃዱ ይሂድ፤ አምስቱ ደቂቃ እሱን መመልከት ብቻ ነው፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ ወይም ሆድ ላይ። ሐሳብ ይሄዳል፤ መመለስ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለለውጥ ያህል በአፍንጫ ቀዳዳዎች እየተፈራረቁ መተንፈስን፣ ማለትም ናዲ ሾድሃናን መጨመር ይቻላል። ቀኙን ቀዳዳ በቀኝ አውራ ጣት ደፍኖ በግራው ማስገባት፤ ግራውን በቀለበት ጣት ደፍኖ በቀኙ ማስወጣት፤ በዚያው በቀኙ አስገብቶ በግራው ማስወጣት። ይህ አንድ ዙር ነው። ብራማሪ የሚባለው ደግሞ ከንፈርን ገጥሞ «እምም» እያሉ ማስወጣት ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2002 እንዳሳዩት እንዲህ እያዜሙ በአፍንጫ ማስወጣት ከአፍንጫ የሚወጣውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ በዝምታ ከማስወጣት ጋር ሲነጻጸር 15 እጥፍ ያደርሰዋል። ለጤና ትርጉሙ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለጀማሪው ግን ድምፁ ራሱ ትኩረትን ይይዛል፣ ማስወጫውንም ሳይቆጠር ያስረዝመዋል። ቆጠራ ለሚሰለቸው ሰው የምመክረው ይህን ነው።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን ማታ ለውጥ የለውም፤ ያለ ምንም ማስታወሻ በየቀኑ ከሚደረግ ሌላ ነገር ጋር ቢያያዝ ግን ይጸናል። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች አዲስ ልማድ ሳይታሰብበት እስኪሠራ ስንት ቀን እንደሚወስድ ሲከታተሉ አማካዩ 66 ቀን ሆነ፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ድረስም ይሰፋል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን ብዙም እንዳልጎዳ ጭምር አገኙ። በ21 ቀን ልማድ ይሆናል የሚለው ምክር ብዙ ሰውን በ22ኛው ቀን ተስፋ አስቆርጧል።

ዮጋ የሕንድ መንፈሳዊ ቅርስ ነው፤ ይህን መሸፈን ለማንም አይጠቅምም። ከእምነቴ ጋር ይጋጫል ብሎ የሚሠጋ ሰው ማንትራውንና ስሞቹን ትቶ ትንፋሹን ብቻ መውሰድ ይችላል፤ ወይም በራሱ ጸሎት ዝግ ብሎ መተንፈስ ይችላል። የበርናርዲ ጥናት እንዳሳየው ልብ ልዩነት አላደረገም።

ጥንቃቄ

ከዮጋ አተነፋፈሶች ውስጥ ካፓላብሃቲና ባስትሪካ የሚባሉት ፈጣንና ኃይለኛ ናቸው። በፍጥነት ሲተነፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይወጣል፣ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል። ይህን «ኃይል ሲነቃ ነው» እያሉ የሚያስተምሩ አሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያንስ ነው። ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለባቸው ሰዎች እነዚህንም ሆነ ትንፋሽን ለረጅም ጊዜ መያዝን መተው አለባቸው። ውኃ ውስጥ ወይም መኪና እየነዱ በፍጥነት መተንፈስ ለማንም አይፈቀድም፤ ራስን ያስስታል፣ ውኃ ውስጥ ደግሞ ይገድላል።

ዝምታም ጉዳት ሊኖረው ይችላል። በ2020 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ሜዲቴሽን ከሚያደርጉት መካከል ወደ 8 በመቶ የሚሆኑት ያልተፈለገ ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ጭንቀት ወይም ድብርት፣ እንደገጠማቸው ገምቷል። ከባድ ጉዳት ያሳለፈ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሲያይ ያልጠበቀው ትዝታ ሊነሣበት ይችላል። እንዲህ ሲሆን ዓይንን ገልጦ እግር ወለሉን መንካቱን፣ በዙሪያ ያለውን ድምፅ ማስተዋል፣ ካልሆነም ማቆም ይሻላል። «ታገሠው፣ ያልፋል» የሚል መምህር ካጋጠመ መምህሩን መቀየር ነው። በሕክምና ላይ ያለ ሰው ደግሞ ትንፋሹን ከመድኃኒቱ ጎን ያስኪድ፤ መድኃኒቱን የሚቀንስ ሐኪሙ ነው።

ልማዱ ከጸና በኋላ ጊዜ መጨመር የሚፈልግ፣ ለትንፋሹ ሳይሆን ለመቀመጡ ይጨምር። ሦስቱ ደቂቃ እንደነበረ ይቆይ፤ አምስቱ ወደ አሥር፣ አሥሩ ወደ አሥራ አምስት ይሂድ። ሕመም የሆነ ጭንቀት ያለበት ግን ደቂቃ ከመደመር ይልቅ ሐኪም ያማክር፤ ከተቻለም የስምንት ሳምንቱን ዓይነት መምህር ያለበት ሥልጠና ይፈልግ።